አየህ ወይስ ሰማህ?

ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ሲገባ የእርሻው ሠራተኛ በሙሉ ኮምፒዩተር ወዳድ ይሆን ነበር። ምክንያቱ የሳይንስ ፍቅር አይደለም። ከመልካ ወረር ወዲያ ባለችው በዚያች የመንግሥት ጥጥ እርሻ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ክፍል አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም የማሽኗ ክፍል ነው። ማሽኗ በ1978 ዓ.ም. በእርዳታ መጥታ፣ ከአሰብ ወደብ በጭነት መኪና ተጭና፣ ሰመራ የሚሉትን ያን ጊዜ ድንጋይና ንፋስ ብቻ የነበረበትን ሜዳ አቋርጣ፣ ሚሌ ላይ ጎማ እስኪቀየር ሁለት ቀን ቆማ ነው የደረሰችው። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ሹሙም ነዳጅ አዳዩም ደጃፏን ያላንኳኳ አልነበረም። «እስቲ ይቺን ቁጥር እይልኝ» ይባላል፤ ቁጥሩ ታይቶ ካለቀ በኋላም እንግዳው ግድግዳ ተደግፎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

ማሽኗን የሚያሠራው ጉልላት ይባላል። የመንዝ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሃንጋሪ ተልኮ ተምሯል። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ከሱ ጋር ሻይ መጠጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱ «ሾፌሩ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፤ ሲጠጣ አድሮ ነው» ካለ፣ ጉልላት ብርጭቆውን ያስቀምጥና «አይከተልም» ይላል። «ዓይን በአቧራም ይቀላል፤ በእንቅልፍ ማጣትም ይቀላል።» ከኋላው «ጓድ ይከተላል» እያሉ ይጠሩት ነበር። ያውቃል፤ አይከፋውም። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

የማሽኗ ሥራ የጥጥ ምርት ቁጥር መደመርና ማካፈል ሲሆን ያንን እስከ ረፋድ ትጨርሰዋለች። በተረፈው ሰዓት ጉልላት ሃንጋሪ የተማረውን አንድ ፕሮግራም ከደብተሩ እየገለበጠ ጻፈ። ይኼኛው ቁጥር አይደምርም፤ ሐሳብ ይመረምራል። መጀመሪያ እውነት ናቸው የምትላቸውን ዓረፍተ ነገሮች ትሰጠዋለህ፤ ጉልላት እነሱን «መነሻ» ይላቸዋል። ከዚያ አንድ መደምደሚያ ትሰጠዋለህ። ማሽኗ እንደ ክፉ ተሟጋች መደምደሚያውን «ውሸት ነው» ብላ ትነሳና ክህደቷን ከመነሻዎቹ ጋር ታጋጥማለች። ክህደቷ መሄጃ አጥቶ ከመነሻዎቹ ጋር ከተላተመ ተሸነፈች ማለት ነው፤ በማተሚያው ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል «ይከተላል» ብላ ትጽፋለች። ካልተላተመ «አይከተልም» ትላለች። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቃል አታውቅም።

መጀመሪያ ያሳየው ለአብዱሰላም ነው። አብዱሰላም የባቲ ሰው፣ የዋናው ቦይ ውሃ ተቆጣጣሪ፣ የጉልላትን ነገር ስንጠቃ የሚታገሥ ብቸኛ ወዳጁ ነበር። በየቀኑ የውሃውን ልክ በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ የቦዩ በር ቁልፍ በጠፍር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

ጉልላት ጻፈ፦ ጥጥ ለቃሚ ሁሉ እጁ ይቆስላል። ጥሩሰው ጥጥ ለቃሚ ናት። እንግዲያስ የጥሩሰው እጅ ቆስሏል። ማተሚያው ተንጫጫና «ይከተላል» አለ።

«እሱንስ እኔም አላጣሁት» አለ አብዱሰላም።

«ቆይ» አለ ጉልላት፤ ሌላ ጻፈ። ጥጥ ለቃሚ ሁሉ እጁ ይቆስላል። የናስር እጅ ቆስሏል። እንግዲያስ ናስር ጥጥ ለቃሚ ነው። «አይከተልም» አለች ማሽኗ።

ናስር የሠፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው፤ እጁን የሚቆርጠው የገዛ ቢላዋው ነው። አብዱሰላም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ወላሂ ከስንቱ ዳኛ ትሻላለች! ግን ጉልላት፣ ለቃሚ ሁሉ እጁ ይቆስላል ያልካት አንተ ነህ። ባይቆስልስ?»

«እሱ የሷ ሥራ አይደለም። መነሻውን የሰጠው ሰው ሥራ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ አብዱሰላም። ወረቀቱን ለሚስቱ ለዘይቱና ሊያሳያት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በመኖሪያ ቤቶቹና በቢሮው መካከል ቦዩ ላይ ድልድይ አለ። ድልድዩን፣ የቦዩ በር ከሚታይበት ግራር ሥር ሆኖ፣ የሚጠብቀው ያዮ የሚባል አፋር ነበር። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደመጣ ይጠያየቃል። ነጋሪው የሚናገረውን ሁሉ በዓይኑ አይቶት እንደሆነ፣ ወይም ከማን አፍ እንደሰማው ሳይናገር አያልፍም። በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ የሚጠይቀው የለም፤ በዚያ በረሃ ደግሞ የማይጠየቅ ሰው ከሞተ አይሻልም። ከደጋ የመጣው የእርሻው ሠራተኛ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አልነበረውም። ያዮ በየጠዋቱ «ቁጭ በል፣ ዳጉ» ይላል፤ ሰዉ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ጉልላትም ያልፋል። የሚቀመጠው አብዱሰላም ብቻ ነበር።

በ1979 ጥቅምት፣ ጥጡ ፈንድቶ ሜዳው ነጭ በሆነበት ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው የዋናው ቦይ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘ። ሁለት መቶ ሄክታር የደረሰ ጥጥ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ለቃሚዎቹ ከዳር ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ረፋዱ ላይ አብዱሰላም ታሰረ። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል አንዴ ከስምህ ጎን ከተጻፈ የሚቀረው ጥያቄ የት ይወስዱሃል የሚለው ብቻ ነበር፤ ከሚወሰዱትም የሚመለሰው ጥቂት ነው።

የእርሻው የፓርቲ ሊቀመንበር ጓድ ወልደ ኢየሱስ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰውየው «ሳይንሳዊ» የምትለውን ቃል እንደ ጨው በሁሉም ነገር ላይ የሚነሰንስ ነበር። ጉልላትን አስጠርቶ፣ «ጓድ፣ ያቺ ማሽን ማስረጃ ትመረምራለች አሉኝ። ጉዳዩን በሳይንሳዊ መንገድ በሷ እናጣራው» አለው።

ጉልላት ደስ አለው። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው፤ ደስ ነበር ያለው። እየሮጠ አብዱሰላም ወደታሰረበት የማዳበሪያ መጋዘን ሄደና በቆርቆሮው ቀዳዳ አናገረው።

«የምታውቀውን ሁሉ ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገራቸው። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ አንተ ዘንድ፣ ሌላው ቢሮ ሳጥን ውስጥ። ሁለት ቁልፍ እያለ አብዱሰላም ከፈተው የሚለው አይከተልም። ማሽኗ በሰው ፊት ትመሰክርልሃለች።»

«እኔስ በሰው ባይሆን ይሻለኛል፤ ሰው ፈርቷል» አለ አብዱሰላም። «በማሽኗ ይሁን። ዘይቱናን አብሽሪ በልልኝ።»

አርብ ጠዋት፣ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን፣ ጉልላት ደብተሩን በብብቱ ይዞ ድልድዩን ሲሻገር ያዮ ከግራሩ ሥር ብድግ አለ።

«ጉልላት! ቁጭ በል። ዳጉ አለ።»

«ስመለስ፣ ያዮ። ቸኩያለሁ፤ የአብዱሰላም ነገር ነው።»

«እኔም የአብዱ ነገር ነው» አለ ያዮ፤ ጉልላት ግን ወዳጁን ሊያድን ይቸኩል ስለነበር አልሰማውም፤ ወይም ሰምቶ ስመለስ ብሎ አለፈ።

ስብሰባው በማሽኗ ክፍል ሆነ፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ። ሊቀመንበሩን ጨምሮ አምስት የኮሚቴ አባላት ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። አብዱሰላም በሁለት ጠባቂዎች መካከል በር ላይ ቆመ። ወልደ ኢየሱስ ከቃለ ጉባኤው ያነባል፣ ጉልላት ይጽፋል።

«በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈትም።» ጻፈ። «ቁልፉ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ በተከሳሹ እጅ፣ አንዱ በቢሮ ሳጥን።» ጻፈ። «ተከሳሹ ቁልፉ ከአንገቱ ወርዶ እንደማያውቅ፣ ለማንም ሰጥቶ እንደማያውቅ በራሱ አንደበት አምኗል።» አብዱሰላም ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው። ጉልላት እሱንም ጻፈ።

«የቢሮው ቁልፍ በዚያ ቀን ከሳጥኑ አልወጣም።»

የጉልላት ጣቶች ቆሙ። መልሱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገውም፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከገባች ሌላው ሁሉ መውጫ የለውም። ላቡ በዚያ ቅዝቃዜ ጀርባው ላይ ወረደ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ቃል… ከማን የተገኘ ነው?»

ወልደ ኢየሱስ ቀና ብሎ አየው። «ኮሚቴው አረጋግጦታል። ወይስ ኮሚቴውን ትጠራጠራለህ?»

አራቱ አባላት ወለሉን ያዩ ነበር። ጉልላት የራሱን ሕግ አስታወሰ፤ መነሻው ትክክል ነው አይደለም ማለት የሰጪው ሥራ ነው። ሕጉ እውነት ነው፤ ግን በዚያች ደቂቃ ከሕጉ ኋላ የተደበቀው ፍርሃት መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጻፈው።

ማተሚያው ተንጫጫ። ወልደ ኢየሱስ ወረቀቱን ቀድዶ አነበበ፤ አምስቱም ፈረሙበት፤ ማኅተም ተመታበት።

«ጉልላት፣ ምን አለች?» አለ አብዱሰላም ከበሩ።

ጉልላት ዞሮ ሊያየው አልቻለም። «ይከተላል አለች።»

አብዱሰላም እንደማፈር ብሎ፣ ለወዳጁ ያዘነለት ይመስል፣ «አይዞህ፤ ያሏትን ነው ያለችው» አለ። ወሰዱት።

ጉልላት ቀትር ላይ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ከያዮ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። እርሻው ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያዮ አልቸኮለም። ስለ ጤናው ጠየቀው፣ ስለ ዝናቡ ነገረው፣ ስለ ግመሎቹ ነገረው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ማክሰኞ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ፣ የወልደ ኢየሱስ መኪና ቦዩ በር ጋ ቆመ። ሾፌሩ በቁልፍ ከፈተ። ወልደ ኢየሱስ አጠገቡ ነበር። ውሃው ወደ ቢሮው አትክልት ሄደ፤ እንግዳ ከአዲስ አበባ ይመጣል ብለው፣ አበባው ደርቆ ነበር። ሄዱ። ሊዘጉ አልተመለሱም።»

«አየህ ወይስ ሰማህ?» አለ ጉልላት። ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«በዓይኔ። ከዚህች ግራር ሥር ሆኜ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ያዮ ገርሞት አየው። «ተናገርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ። እስከ ገዋኔ ድረስ ሰዉ ያውቃል። ቢሮ ሄድኩ፣ ጥበቃህን ትተህ የት ትዞራለህ ብለው መለሱኝ። ዛሬ ጠዋት አንተን ቁጭ በል አልኩህ።»

ለአበባ ነው እንግዲህ! ለእንግዳ ዓይን አበባ ሊያጠጡ፣ ሁለት መቶ ሄክታር ጥጥና አንድ ሰው። ጉልላት እየተደነቃቀፈ ወደ ማሽኗ ተመለሰ፤ አራተኛዋን ዓረፍተ ነገር አወጣና እንደገና ጠየቃት። «አይከተልም» አለች። ወረቀቱን ከማተሚያው ቀድዶ ኪሱ ከተተው። ለወልደ ኢየሱስ አያሳየው ነገር፤ ሌባን ለሌባ መክሰስ ነው። አብዱሰላም ደግሞ በዚያው ቀን ወደ አዋሽ ተጭኗል።

በማግስቱ ጉልላትና ያዮ ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ወጥተው አዋሽ ከተማ ገቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ግን ጅቡ ገና ከከተማው አልወጣም ነበር። እስረኞቹ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ነበሩ፤ በቀትሩ ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ኃላፊው አንድ የደከመው መቶ አለቃ ነው። ያዮን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ይህን መካድ አይገባም። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ።

«ከአንድ ማሽን የወጡ ናቸው?»

«አዎ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«አንዱ ይከተላል፣ አንዱ አይከተልም። ይኼኛው ማኅተም አለው፤ ያንተኛው የለውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፤ ሊቀመንበርን የሚከስ ዘበኛ ይዤ የትም አልደርስም። ግን ማሽኑን የምታሠራው አንተ ነህ። የመጀመሪያው ወረቀት ስህተት ነው ብለህ ጻፍልኝና ፈርም። በዚያ ምክንያት ሰውየውን ለጊዜው እዚህ አቆየዋለሁ። ስህተት ነው?»

አንዲት ቃል ነበረች የተጠየቀው። አዎ ቢል የማሽኗ ስህተት የሱ ስህተት ይሆናል፤ የአብዱሰላም ቦታ ለሱ ይተርፋል። ይህን አስቧል። ግን በዚያች ሰዓት ከአፉ የወጣው ያን ሁሉ ዓመት ሻይ ላይ ሲያወጣው የኖረው ነገር ነው።

«ስህተት አይደለም። ከተሰጠው መነሻ በትክክል ይከተላል። ስህተቱ መነሻው…»

«ስህተት ካልሆነ ምን አድርግ ትለኛለህ?» መቶ አለቃው ፋይሉን አጠፈ። ከዚያ በኋላ ጉልላት ለመነ፣ እፈርማለሁ አለ፣ ጠረጴዛውን ያዘ። ወታደሮች አወጡት።

ባቡሩ ሲመጣ እስረኞቹን ሁለት ሁለት አድርገው አስረው አሻገሯቸው። አብዱሰላም ጉልላትን በሰዉ መሐል አየውና የታሰረ እጁን ከማያውቀው ሰው እጅ ጋር አንድ ላይ አነሳ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ያኔ ነው። ፈርቶ ይሁን ለእውነት ብሎ ለመቶ አለቃው ያን መልስ የሰጠው፣ ጉልላት ስንት ዓመት ቢያገላብጠው ሊለየው አልቻለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያች እርሻ አልጠራም። ወልደ ኢየሱስ ተሹሞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ያዮ ከጥበቃው ተባረረ፤ ከድልድዩ ግን አልተባረረም፤ አባቱ ግመል ሲያጠጣበት የኖረ ቦታ ነው፤ ፍየሎቹን ይዞ ያንኑ ግራር ሥር ተቀመጠ። ጉልላት ወደ ጥጥ ሚዛን ተዛወረ። የማሽኗ አየር ማቀዝቀዣ በ1980 ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር የሚወድ ሰው አልተገኘም።

ጉልላት በየማታው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከያዮ ጋር መቀመጥ ለመደ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል። ያዮ እሱ የነገረውን ለሌላው ሲያስተላልፍ «ከጉልላት፣ በዓይኑ ካየው» ይል ነበር። ለጉልላት በዓለም ላይ የቀረው ክብር ይኸው ነበር፤ ያዮ የሚጠይቀው ሰው መሆኑ።

ዘይቱና በእርሻው በር ላይ ለሾፌሮች ሻይና ሳምቡሳ እየሸጠች ቆየች። ማታ ማታ የአብዱሰላምን ሳህን ታወጣለች፣ ትመልሳለች። ወንድሟ ከባቲ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነይ እንሂድ ብሏታል። መልሷ አንድ ነው፤ «ባል ያላት ሴት የት ትሄዳለች?»

በ1982 ከእስር የተፈታ አንድ ሰው አዋሽ ባቡር ጣቢያ ላይ ጉልላትን አገኘው። አብዱሰላም በሁለተኛው ክረምት በተስቦ ሞቷል አለው። ሰውየው ራሱ አላየም፤ አብሮት ከታሰረ ነው የሰማው፤ ያም ከሌላ። ጉልላት ለያዮ እንዲሁ ነገረው፤ ሰማሁ ብሎ። ወሬው ዘይቱና ጆሮ ደረሰ።

በማግስቱ ማታ ድልድዩ ጋ መጣች። ነጠላዋን አጥብቃ ፊታቸው ቆመች። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር።

«ወንድሜ ጉልላት፣ ሸኹን ጠየቅኋቸው። ያየ ሰው ካለ ኢዳሽን፣ የባል ሐዘኑን፣ ተቀመጪ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፤ ከዚያ አላህ ያውቃል አሉኝ። በወሬ ግን አይቀመጡም አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስትም አይደለሁ፣ የሙት ሚስትም አይደለሁ። አላለቅስለት ነገር፣ ሟርት ይሆንብኛል። አላህ ያሳይህ፣ እውነቱን ንገረኝ። አየህ ወይስ ሰማህ?»

ጉልላት ያዮን አላየውም። የአዋሹ ጠረጴዛ ነበር በዓይኑ የመጣው፣ ሁለቱ ወረቀቶች፣ አንዲቷ ቃል።

«አየሁት» አለ። «ሰማሁ ያልኩት ልነግርሽ አቅቶኝ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሲቀብሩት ደረስኩ። ከፍነውታል፤ ሰግደውበታል። በዓይኔ አየሁ።»

ዘይቱና መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት የያዘችው ሁሉ ወጣ፤ ለቃሚዎቹ ከማሳው ሮጠው መጡ፣ ደግፈው ወሰዷት። በዚያው ሳምንት ኢዳዋን ተቀመጠች፤ ሲያልቅ ወንድሟ መጥቶ ወደ ባቲ ወሰዳት።

በዚያች ማታ ለቃሚዎቹ ዘይቱናን ይዘው ሲሄዱ ያዮ ግራሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ጉልላት አዲስ አበባ እንዳልሄደ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ በየማታው አብረው ነበሩ። ዱላውን አነሳና ፍየሎቹን እየነዳ ሄደ።

በማግስቱ ጉልላት በሰዓቱ መጣ። ያዮ ግራሩ ሥር ነበር። ሰላም አለው፤ ያዮም ሰላምታውን በደንብ መለሰለት። ጉልላት እንደ ልማዱ ጎኑ ተቀመጠና ጠበቀ። አንድ ግመል ነጂ ከገዋኔ መንገድ መጣ፤ ያዮ ተነስቶ ተቀበለው፣ ቁጭ አደረገው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰዉ ጠየቀው። ጉልላትን ምንም አልጠየቀውም።